ባለቤቴ ብድር ይፈራል፤ እኔ ደግሞ ወፍጮ መትከል እፈልጋለሁ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ። ገበያው ጥሩ ስለሆነ የራሴን ወፍጮ ለመትከል ብድር ጠየቅሁ፤ መያዣው ቤታችን ነው። ባለቤቴ ግን አልፈርምም አለ። የሂሳብ መምህር ነው፤ ወለዱን ራሱ አስልቶ አዋጪ መሆኑን ነግሮኛል። ሆኖም «ብድር በበር ገብቶ በሬ ይዞ ይወጣል» ይላል። የአባቱ ንግግር ነው። የመንዝ ልጅ ነው፤ ልጅ ሳለ አባቱ ማዳበሪያ በዱቤ ወስደው ገብሱን በረዶ መታውና ለዕዳው በሬያቸው ተወሰደ። ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዛሬም በረዶ ቆርቆሮውን ሲመታው ተነስቶ ይቀመጣል። እኔ ያደግሁት ሸዋ ሮቢት ነው። እናቴ በብድር ሽንኩርትና ማሾ እየነገዱ አራት ልጅ አስተምረዋል። የተማረ ሰው በአንድ በሬ ምክንያት ዕድሜውን ሙሉ እንዴት ይፈራል? ሌላ ብድር በወንድሜ ስም አውጥቼ ሥራውን ብጀምርና በኋላ ብነግረውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ እሱ ቀላሉ ነው። አታድርጊው። ዕዳ የሚፈራ ሰው በገዛ ቤቱ የተደበቀ ዕዳ ያገኘ ዕለት፣ ፍርሃቱ ልክ እንደነበረ ያስመሰከርሽለት አንቺው ትሆኛለሽ። ከዚያ ወዲያ የሚጠራጠረው ብድርን ብቻ አይሆንም።

ከደብዳቤሽ ልቤን የያዘው በአንድ መስመር ያለፍሽው የቆርቆሮው ጉዳይ ነው። ባለቤትሽ ስለ ብድር ያለውን እምነት ከአባቱ ንግግር ያገኘው ይመስልሻል። ንግግሩ ኋላ የመጣ ነው። የቀደመው የበረዶው ድምፅ ነው፤ ከዚያ ጧት ማሳው ላይ ተኝቶ የታየው እሸት፣ ከጭቃ ጋር የተደባለቀው የለጋ ገብስ ሽታ፣ ቆይቶም በሬው ከግቢ ሲወጣ አባት አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ መቆማቸው። ዝርዝሩን የሞላሁት በግምት ነው፤ እውነተኛውን የሚያውቀው እሱ ነው። ልጅ ግን ዕዳ ምን እንደሆነ የሚማረው እንዲህ ነው። ማንም አያስረዳውም፤ ይሰማል፣ ያያል፣ ያሸታል።

በአንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል፣ አደጋን በመለየትና በማስታወስ ትልቅ ድርሻ ያለው ክፍል አለ። አስደንጋጭ ነገር ሲደርስብን በዚያ ሰዓት የነበረው ድምፅና ሽታ ከፍርሃቱ ጋር አብሮ ይታሰራል። በተለይ ሽታ፣ የሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት መልእክት የሚያልፍበትን መተላለፊያ ሳይረግጥ ወደ ስሜትና ወደ ትውስታ ክፍሎች በአቋራጭ ይደርሳል። ስለዚህ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ባለቤትሽን ከአልጋው የሚያስነሳው ሐሳብ አይደለም፤ ሰውነቱ ከሐሳቡ ቀድሞ ተነስቷል። ወለዱን በትክክል አስልቶ «አዋጪ ነው» ያለሽ ሰውና አልፈርምም ያለሽ ሰው አንድ መሆናቸውም ከዚህ የመጣ ነው። አንቺን ማታለሉ አይደለም።

«የተማረ ሰው» የሚለውን ነገር አልቀበለውም። ኡልሪከ ማልመንዲርና ስቴፋን ናገል የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት፣ ከ1960 እስከ 2007 ድረስ የአሜሪካ ቤተሰቦች ገንዘባቸውን እንዴት እንደያዙ መርምሯል። በዕድሜያቸው የአክሲዮን ገበያ ሲከፋ ያዩ ሰዎች፣ ገቢና ትምህርትን የመሳሰሉ ልዩነቶች ከግምት ገብተው እንኳ፣ ከሌሎች ይልቅ ገንዘባቸውን ለአደጋ ማጋለጥ ይፈራሉ። የቅርቡ ገጠመኝ ይበልጥ ይከብዳል፤ የጥንቱም ቢሆን ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ጨርሶ አይጠፋም። ስለ ኪሳራ ማንበብና በኪሳራ ውስጥ ማደግ አንድ አይደሉም።

አሁን ደግሞ ትንሽ ልቆጣሽ። የእሱን እምነት ፍርሃት፣ የአንቺን እምነት እውቀት ብለሽ ጽፈሻል። አንቺም የተማርሽው እንደ እሱ ነው። ሸዋ ሮቢት በቆላው ሙቀት፣ የሽንኩርት ኬሻ በተደረደረበት ግቢ፣ እናትሽ ማታ ማታ ብር ሲቆጥሩ እያየሽ አደግሽ። ብድር ለአንቺ የደብተርና የጫማ ነገር ነው። ሽንኩርቱ በስብሶባቸው ከገበያ የወጡት ሴቶች ልጆች ግን ምን ብለው ይጽፉልኝ ይሆን? የእነሱን ቤት አላየሽም። እናትሽ ሸቀጡ ቶሎ ቶሎ የሚዞር ነጋዴ ነበሩ። የባለቤትሽ አባት ግን ውርጭና በረዶ በሚፈራረቁበት ደጋ፣ የዓመት ቀለባቸውን ከሰማይ የሚጠብቁ ገበሬ ነበሩ። በዚያ ቦታ «አትበደር» ማለት ብልህነት ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲባል የምንስቀው በልጡ ነው፤ እባቡ ግን እውነተኛ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው ማን ትክክል ነው አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ የሚተከል ወፍጮ መንዝ ላይ የተዘራ ገብስን ይመስላል ወይ ነው። በአንዳንድ ነገር ይመስላል። መብራት ይጠፋል፣ ሞተር ይቃጠላል፣ የበርበሬ ዋጋ ይሰቀላል። ባለቤትሽን «የወፍጮው በረዶ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂው፤ እሱ ደግሞ ይዘርዝርልሽ። ሂሳብ ዐዋቂ ሰው ይህን ይችልበታል፤ ፍርሃቱም ለአንድ ጊዜ ሥራ ያገኛል። ከዝርዝሩ ውስጥ አንቺ ያላሰብሽው እንደሚገኝበት አልጠራጠርም።

በሬው የተወሰደበትን ቀንም እንዲነግርሽ ጠይቂው፤ ግን የባንኩ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ባለበት ሰዓት አይሁን። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቡና ላይ ይሻላል። ምን ሰማህ፣ ምን አየህ፣ አባትህ ምን አሉ ብለሽ ጠይቂና ዝም በዪ። «አለፈ እኮ» እንዳትዪው። ይህ ንግግር ማጽናኛ መስሎን ስንቱን አፍ ዘግተንበታል!

ከዚያ ክርክሩን ተዪው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳስቀመጠው፣ «ይህን እችለዋለሁ» የሚለው እምነት ከሁሉም በላይ የሚጠነክረው ሰው ራሱ ሠርቶ ሲያየው ነው፤ የሌላ ሰው ማግባቢያ ከዚያ በታች ነው። ባለቤትሽ ዕዳ ሲገባ እንጂ ዕዳ ሲያልቅ አላየ ይሆናል። ስለዚህ ቤቱን ለጊዜው ከጉዳዩ አውጪውና በትንሹ ጀምሩ። የመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበር አባል ከሆነ ከዚያ፣ ካልሆነም ከዕቁብ በሚገኝ ገንዘብ አንድ ዙር በርበሬ ግዙ፤ በሰው ወፍጮ አስፈጭተሽ ሽጪ። ደብተሩን እሱ ይያዝ። የመጨረሻውን ክፍያ አብራችሁ ሄዳችሁ ክፈሉ፤ ደረሰኙን እሱ በእጁ ይቀበል።

በአንድ ዙር ይድናል ብለሽ ግን አትጠብቂ። እንስሳት ከገጠመኝ እንዴት እንደሚማሩ ያጠናው ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ በውሾቹ ላይ እንዳየው፣ የጠፋ የመሰለ የተማሩት ምላሽ ጊዜ ሲያልፍ ተመልሶ ብቅ ይላል። ሐምሌ ላይ ወደ አሮጌው ንግግሩ ቢመለስ ሥራሽ ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም። የክረምቱ እንቅልፍ ማጣት ሥራውን የሚጎዳው ከሆነ፣ ወይም ያ ቀን በቅዠት እየመጣ የሚያስጨንቀው ከሆነ፣ ሆስፒታል ሄዶ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግር፤ ይህ በቡና ወሬ የሚያልቅ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቤቱን ለመያዣ አልሰጥም ቢልሽስ? ቤቱ የሁለታችሁ ነውና እምቢታው ይከበርለት። ያን ጊዜ ወፍጮው አነስ ያለ ይሆናል፤ ወይም ሁለት ዓመት ይዘገያል።