በጋራዥና በቤዝመንት የፕሮፔን ማሞቂያ ስለመጠቀም ለተጠየቀው

ወንድማችን በዴንቨር በተከራዩት ቤት ጋራዥ ውስጥ መኪናቸውን ሲጠግኑ በሩን ዘግተው የፕሮፔን ማሞቂያ ቢጠቀሙ፣ መብራት በጠፋ ሌሊትም ማሞቂያውን ቤዝመንት አስገብተው ቢተኙ ችግር ይኖረው እንደሆነ ጠይቀዋል። በሚኒሶታ ለዓመታት በቤት ማሞቂያ ጥገና ስለሠራሁ የማውቀውን ላካፍል።

አስቀድሞ መታየት ያለበት የማሞቂያው ዓይነት ነው። በ20 ፓውንድ ታንክ አናት ላይ በቀጥታ የሚገጠመውም ሆነ በግንባታ ቦታ ትኩስ አየር የሚገፋው ትልቁ ማሞቂያ ለመኖሪያ ቤት አልተሠራም። ለቤት ውስጥ የተፈቀደው በላዩ ላይ ተጽፎበታል፤ ኦክስጅን ሲቀንስ ራሱን የሚያጠፋ መሣሪያም አለው። ብዙ ሰው የሚዘናጋው በዚሁ መሣሪያ ተማምኖ ነው። መሣሪያው በአየር ውስጥ 21 በመቶ የሚሆነው ኦክስጅን ወደ 18 በመቶ ገደማ ሲወርድ እሳቱን ይቆርጣል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን (ነዳጅ በደንብ ሳይቃጠል ሲቀር የሚወጣውን መርዛማ ጋዝ) አይለካም፤ ማቃጠያው በአቧራ ወይም በሸረሪት ድር ከተደፈነ ደግሞ ኦክስጅኑ ብዙም ሳይጎድል መርዙ ሊበዛ ይችላል። አገር ቤት ጭሱ ያለቀለት ፍም ምንም አያደርግም እየተባለ ወደ መኝታ ክፍል የሚገባው ከሰል ስንቱን እንደወሰደ ሁላችንም እናውቃለን፤ መርዙ ያው ነው፣ ቀለምም ሽታም የለውም። በ2021 የቴክሳስ ብርድ ጊዜም በሂውስተን ጋራዥ ውስጥ ከተነሳ መኪና በወጣ ጋዝ የወገኖቻችን ሕይወት ጠፍቷል።

ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም የግድ ያስፈልጋል። አላርሙም ቢሆን ወዲያው አይጮህም፦ በአሜሪካ ደረጃ መሠረት በ400 ፒፒኤም (በአየር ውስጥ ከሚሊዮን እጅ 400 እጁ ይህ ጋዝ ሲሆን) ከ4 እስከ 15 ደቂቃ፣ በ70 ፒፒኤም ግን ከ1 እስከ 4 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ትኩሳት ሳይኖር ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከተሰማዎት አላርሙን ሳይጠብቁ ቤተሰቡን ሁሉ ይዘው ይውጡና ከውጭ ሆነው 911 ይደውሉ።

መስኮት ወይም በር ገርበብ አድርጎ መተው ሙቀት ማባከን ቢመስልም ግዴታ ነው፤ ስፋቱን የማሞቂያው መመሪያ ይነግርዎታል። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል 1.6 ኪሎ ገደማ ውኃ በእንፋሎት መልክ ስለሚያወጣ፣ በተዘጋ ክፍል ግድግዳው ይሻግታል፣ የጋራዥ ዕቃም ይዝጋል። ተለኩሶ መተኛት ግን መስኮት ቢከፈትም አልመክርም፤ ከመኝታ በፊት ክፍሉን አሙቆ ማጥፋትና ብርድ ልብስ መደረብ ይሻላል።

የጋራዡ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፣ ወደ ቤዝመንትም ይወርዳል፤ የቤንዚን ትነትም እንዲሁ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። የነዳጅ መስመር እየፈቱ በአጠገብዎ ነበልባል ማኖር፣ በሩ ክፍት ቢሆን እንኳ፣ የማይሞከር ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ደጅ ላይ ወይም ያለ ማሞቂያ ይሥሩት፤ ለሌላው የጋራዥ ሥራ፣ መብራት እስካለ ድረስ፣ በግድግዳ ወይም በጣሪያ ላይ የሚሰቀል የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እመርጣለሁ።

ባለ 20 ፓውንዱን ታንክ ባዶ ቢመስልም ቤት ውስጥም ጋራዥ ውስጥም አያስቀምጡት፤ ውጭ ቀጥ ብሎ ይቁም። ማሞቂያውን በገጠሙ ቁጥር መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀብተው ይፈትሹ፤ አረፋው እያበጠ ከሄደ ጋዙ እያፈተለከ ነውና ቫልቩን ዘግተው መጋጠሚያው ሳይስተካከል አይለኩሱ።