በጨረቃና በኮከብ የሚዘረጋ ካርታ ለክርስቲያን ይፈቀዳል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሜሪላንድ ነው። ያደግሁት እዚሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ዓቢይ ጾምንም እጾማለሁ። ታሮት የሚባለውን ካርታ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ተማርኩ። ጠንቋይ አይደለሁም፤ የምወደው አዘረጋጉን መንደፍ ነው። ጨረቃ ስትወለድ አራት ካርታ እዘረጋለሁ፦ ምን ልጀምር፣ ምን ይከለክለኛል፣ ማን ያግዘኛል፣ ምን ይመጣል። ስትሞላ ደግሞ ምን ልተው፣ ማንን ይቅር ልበል የሚል ሌላ አለኝ። ለየኮከቡም ለብቻው አዘጋጃለሁ። እኔ የኖቬምበር መጀመሪያ ልጅ ስለሆንኩ ስኮርፒዮ (ጊንጥ) ነኝ። ጓደኞቼ ወደዱት፤ አንዳንዶቹ ከፍለው ወስደዋል። ለራስ ማሰላሰያ ብቻ ነው እላለሁ። ባለፈው ሙሉ ጨረቃ ግን “ግንቡ” የሚባለው ካርታ ወጣብኝና ልፈርመው የነበረውን የቤት ኪራይ ውል ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። እናቴም ስትሰማ አለቀሰች። ግን እኮ አባቶቻችን የአጽዋማትና የበዓላት ቀን በሚወጣበት ሒሳብ፣ በባሕረ ሐሳብ፣ ጨረቃን ይቆጥራሉ። ሰብአ ሰገል በኮከብ ተመርተው መጡ። ሐዋርያትም ዕጣ ጣሉ። የእኔ በምን ይለያል?

መልስ፦ እኅቴ፣ በግልጽ ስለጻፍሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህንኑ እያደረገ ዝም የሚል ብዙ ነው። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ አይፈቀድም። ያነሣሻቸው ሦስት ነገሮች ግን ተራ ማመካኛ አይደሉም፣ መልስ ይገባቸዋል።

ከኪራይ ውሉ ልጀምር። ለማሰላሰያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግንቡ ከወጣ በኋላ ቁጭ ብለሽ ስለ ገንዘብሽ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ አከራዩ ታስቢ ነበር። አንቺ እስክሪብቶውን አስቀመጥሽ። መብረቅ የመታው ሕንፃና ቁልቁል የሚወድቁ ሁለት ሰዎች የተሳሉበት ወረቀት ወሰነልሽ። ከተበወዘ ካርታ ውስጥ የቱ እንደሚወጣ የሚወስነው አጋጣሚ ነው ካልሽ፣ ውሉን የምትተዪበት ምክንያት የለም። አይ፣ የሆነ ኃይል እየመረጠልኝ ነው ካልሽ ደግሞ እሱ ማን ነው? አራተኛው ቦታ ላይ “ምን ይመጣል” ብለሽ ስትጽፊ የምትጠይቂው ማንን ነው? ይህን ሳትመልሺ ማሰላሰያ ነው ማለት አያስኬድም።

ዘዳግም 18 ላይ ምዋርተኛ፣ ሞራ ገላጭ፣ አስማተኛ፣ መተተኛ እያለ ይዘረዝራል። ዕቃው ይለያያል እንጂ ሥራው አንድ ነው። አንዱ ሞራ ይዟል፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የቡና ሲኒ። ሕዝቅኤል 21 ላይ የባቢሎን ንጉሥ መንታ መንገድ ላይ ቆሞ ፍላጻ ይወዘውዛል፣ ጉበት ያያል። በየትኛው ከተማ ላይ ልዝመት ብሎ ነው። የአንቺ ጠረጴዛም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ስለ ካርታው ራሱ ባልደረባሽ ያልነገረችሽ ነገር ያለ ይመስለኛል። ታሮት ሲጀመር የጨዋታ ካርታ ነበር። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን ጣልያን፣ በሚላኖና በፌራራ መሳፍንት ቤት ይጫወቱት ነበር። 78 ካርታ አለው። 56ቱ እንደ ተራው ካርታ በአራት ይከፈላሉ፤ ዋንጫ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍና በትር። የቀሩት 22 ሌላውን የሚበሉ ባለ ሥዕል ካርታዎች ናቸው። ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ሰው ሲጫወትበት ኖረ። በ1781 እ.ኤ.አ. ኩር ደ ዤብላን የሚባል ፈረንሳዊ ተነሣና ይህ የጥንት ግብፃውያን የምሥጢር መጽሐፍ ነው አለ። ማስረጃ አልነበረውም። የግብፅን ጥንታዊ ጽሑፍ ሻምፖልዮን የተባለ ሊቅ የፈታው በ1822 ነው። ሰውዬው ማንም ሊያነበው የማይችለውን ነገር ከ41 ዓመት በፊት ተረጎመልን ማለት ነው!

የኮከቡን ድርሻ ደግሞ ተመልከቺ። በ1888 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ “ወርቃማው ንጋት” የተባለ የምሥጢር ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበርተኞቹ 22ቱን ሥዕሎች ለሰማይ አደሏቸው። 12ቱን ለኮከብ ምልክቶች፣ 7ቱን ለፈለኮች (ለፕላኔቶች)፣ 3ቱን ለባሕርያት። ባሕርያት አራት መሆናቸውን አንቺም ከሰንበት ትምህርት ቤት ታውቂያለሽ፤ ነፋስ፣ እሳት፣ ውኃ፣ መሬት። በድልድሉ መሬት የራሷ ካርታ አልደረሳትም። ሌላም ችግር ገጠማቸው። በድሮው ካርታ “ፍትሕ” 8ኛ፣ “ብርታት” 11ኛ ነበሩ። ፍትሕ ለሚዛን፣ ብርታት ለአንበሳ ሲሰጥ ግን ከሰማዩ ተራ ጋር አልገጥም አለ፤ አንበሳ ከሚዛን ይቀድማላ። ምን አደረጉ? ሁለቱን ካርታዎች አቀያየሯቸው። በ1909 የታተመውና ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሣለችው፣ ዛሬ በየሱቁ የምታገኚው ካርታ ይህንኑ ለውጥ ይዞ ወጣ። በእጅሽ ያለውም እሱ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሮቹን አውጥተሽ እያቸው። ካርታና ኮከብ የሚገናኙት ሰው ቁጭ ብሎ ስላገናኛቸው ነው።

ስኮርፒዮነትሽም ቢሆን እንደዚያው ነው። በኖቬምበር መጀመሪያ ፀሐይ የምትገኘው በሚዛን ከዋክብት ክልል ነው። በጊንጡ ከዋክብት ውስጥ የምትቆየው በኖቬምበር መጨረሻ አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ምድር የምትሽከረከርበት ዘንግ ራሱ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ አንድ ዙር ለመጨረስ 26,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ምልክቶቹ ቀን ከተቆረጠላቸው ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ስለሆነ ሰማዩ አንድ ቤት ያህል ሸሽቷል። እንግዲህ “የኮከብሽ ካርታ” ብለው ሞትን፣ 13ኛውን፣ የሰጡሽ በማይገጥም ቀን መቁጠሪያ ነው።

ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት ሲሰብክ በኮከብ ቆጣሪዎች ቀልዷል። በበግ ኮከብ የተወለደ ቸር ይሆናል ይላሉ፣ በግ ፀጉሩን ሳይሰስት ይሰጣልና! ቀጥሎ ግን ቀልዱን ይተዋል። ክፋትና ደግነት ከኮከብ ከመጡ ዳኛ ሌባን ለምን ይቀጣል? የክርስቲያን ተስፋስ የት ይገባል? እኔን የሚነካኝ ይሄ ነው። ኮከብሽ ያደርግሻል ብለሽ ያመንሽውን ነገር ንስሐ ልትገቢበት አትችዪም።

አሁን ደግሞ የራሳችንን ጉድ እናውጣ። እናትሽ ማልቀሳቸው እውነተኛ ጭንቀት ነው፤ እናት ናቸውና። ታሮትን ሲሰሙ “የፈረንጅ ጥንቆላ” ብለው ከሚጮኹት ውስጥ ግን ዐውደ ነገሥት የሚባለው የኮከብ መቁጠሪያ መጽሐፍ ትራሱ ሥር ያለ ስንት አለ! ስምሽንና የእናትሽን ስም በፊደል ቁጥር ደምሮ፣ በ12 ገድፎ፣ በተረፈው ቁጥር ሐመል (በግ) ነሽ፣ ሠውር (በሬ) ነሽ፣ አቅራብ (ጊንጥ) ነሽ ይልሻል። በልደት ቀን አቅራብ የሆነች ልጅ በስም ሒሳብ ሑት (ዓሣ) ሆና ልትገኝ ትችላለች። የቱን ልትይዝ ነው? “ኮከባቸው አልገጠመም” ተብሎ ስንት የሚዋደዱ ልጆች ተለያይተዋል። ደብተራ ስለጻፈው፣ በብራና ስላለ፣ ግእዝ ስለተቀላቀለበት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይሆንም። አንቺን ከልክሎ ለሠርግ ቀን የሚያስቆጥር ሰው ካለ፣ እሱም ይህን መልስ ያንብበው።

ወደ ባሕረ ሐሳብ ልመለስ። አባቶች ጨረቃን መቁጠራቸው እውነት ነው። ምን እንደሚቆጥሩ ግን በቅርብ እንየው። የ2018 ዓ.ምን ውሰጂ። 5500ን ስንደምርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንድ ቀንሰሽ ወንበሩ፣ በ19ኙ ዓመት ዑደት ያለቁት ዓመታት ማለት ነው፣ 12 ነው። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ስለሚያንስ 12ን በ11 ታበዣለሽ፣ 132። በ30 ሲገደፍ አበቅቴው፣ ማለትም ፀሐይ ከጨረቃ የምትበልጥበት ትርፍ ቀን፣ 12 ነው። መጥቅዑ ደግሞ ከ30 የቀረው፣ 18። መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ (የሚጨመርበት ቁጥር) 7 ነው። 18 እና 7፣ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባ ማለት ነው። የትንሣኤን ተውሳክ 9ን ስትጨምሪበት 34፣ 30ውን ስትገድፊ 4። ፋሲካ ሚያዝያ 4። አለቀ። በዚህ ሁሉ ውስጥ “ሥራ አገኛለሁ ወይ” የሚል ጥያቄ የለም። ስለ ማንም ዕድል አንድ ቃል አልወጣም። ማንም ቢያሰላው መልሱ ያው ነው፤ ካርታሽን ግን ደግመሽ ብትበውዢው ሌላ ይወጣል። ዘፍጥረት 1 ብርሃናት ለዘመኖች፣ ለዕለታትና ለዓመታት ምልክት እንዲሆኑ ተፈጠሩ ይላል። ቤተ ክርስቲያን በዚያው ሥራቸው ነው የምታሠራቸው።

ጨረቃን ስለ ዕጣ ፈንታ የሚጠይቁ ድሮም ነበሩ። ኢሳይያስ 47፥13ን ክፈቺ። ነቢዩ ባቢሎንን ሲዘባበትባት ከዋክብትን የሚቆጥሩ፣ በየመባቻውም የሚመጣብሽን ነገር የሚነግሩሽ ተነሥተው ያድኑሽ ይላታል። በየመባቻው፣ ማለትም ጨረቃ በታየች ቁጥር። “ምን ይመጣል” የሚለውን አራተኛ ካርታሽን ዘርግተሽ ይህን ጥቅስ ብታነቢው አንቺው ራስሽ ትደነግጪያለሽ።

ሰብአ ሰገል? ኮከቡ ወደ ኢየሩሳሌም አመጣቸው። ሕፃኑ የት እንደተወለደ ያወቁት ግን ሊቃውንቱ የነቢዩን መጽሐፍ ጠቅሰው ቤተልሔም ነው ካሉ በኋላ ነው። ኮከቡ የታየው የሁሉን ጌታ ሊያሳይ ነው፤ እኔ ምን ልሁን ብለው አልጠየቁትም። ቅዱስ አግናጥዮስ ዘአንጾኪያ በዚያ ኮከብ አስማት ሁሉ ተሻረ ብሎ ጽፏል። በተሻረ ሕግ ደግሞ አይከራከሩም።

ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ማትያስን የመረጡበት ዕጣ ከሦስቱ ጠንካራው ነው። ልብ በዪ፣ መጀመሪያ መስፈርት አወጡ፤ ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ አብሮን የነበረ ይሁን አሉ። ሁለት ሰዎች አቆሙ። ጸለዩና ጌታን በስሙ ጠርተው ከሁለቱ የመረጥኸውን አሳየን አሉ። ይህም ከበዓለ ሃምሳ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ሰባቱን ዲያቆናት ሲሾሙ መርጠው ነው። በኢየሩሳሌሙ ጉባኤም የተነሣውን ክርክር በዕጣ አልፈቱትም፤ ተነጋግረው “መንፈስ ቅዱስና እኛ ፈቅደናልና” አሉ። እህት ቤተ ክርስቲያናችን የእስክንድርያዋ እስከ ዛሬ ፓትርያርክን በመንበር ላይ ዕጣ እንደምትመርጥ ልታነሺብኝ ትችያለሽ፤ አቡነ ታዋድሮስ 2ኛ በ2012 እ.ኤ.አ. የተመረጡት እንዲያ ነው። እሱም ቢሆን ለሹመት የበቁት ተመርምረው ከተለዩ በኋላ፣ ተጾሞና ተቀድሶ ነው። የሚጠየቀውም ማን ያገልግል የሚል ነው። ዕጣ መጣል ብቻውን ኃጢአት ቢሆንማ ዕቁብተኛ ሁሉ አልቆለት ነበር።

ጥያቄዎችሽን ግን በጅምላ አልጥላቸውም። “ምን ልተው፣ ማንን ይቅር ልበል” ያልሽውን ሳነብ ደስ ብሎኛል። ከንስሐ በፊት ሰው ራሱን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ደብተር ላይ ጻፊያቸውና ራስሽ መልሺ፣ ከዚያ ለንስሐ አባትሽ አቅርቢ። ጨረቃ እስክትሞላ መጠበቅ አያስፈልግሽም፤ ዛሬ ማታ ጀምሪ። “ማን ያግዘኛል” የሚለውንም በጸሎት ጠይቂ፣ ስልክሽንም አንሥተሽ ለወዳጅ ደውዪ። “ምን ይመጣል” የሚለውን ሰርዢው። ሐዋርያው ያዕቆብ “ጌታ ቢፈቅድ” በሉ ያለው ለዚህ ቦታ ነው። ቤቱ ካልተያዘ ውሉን ደግመሽ አንብቢው። ኪራዩ ከአቅምሽ በላይ ከሆነ ተዪው፣ ካልሆነ ፈርሚ።

ካርታውን አስወግጂው። አትሽጪው፣ ለጓደኛም አትስጪው። ሐዋርያት ሥራ 19 ላይ የኤፌሶን ሰዎች ሃምሳ ሺህ ጥሬ ብር የሚያወጣ የአስማት መጽሐፍ ነበራቸው። ሸጠን ለድሃ እንስጥ ማለት ይችሉ ነበር፣ አቃጠሉት። ለማስወገድ ግን የተለየ ሥርዓት አትፈልጊለት፤ ወረቀት ነው። የሆነ መንፈስ ቤትሽ ገብቷል ብሎ የሚያስፈራራሽና ማስወጫ ገንዘብ የሚጠይቅሽ አጥማቂ ነኝ ባይ ከመጣ በሩን ዝጊበት። እሱም ያው ጠንቋይ ነው።

ለከፈሉሽ ጓደኞችሽ መተውሽን ንገሪያቸው፣ ለምን እንደተውሽም። ገንዘባቸውን መልሺላቸው። ካልተቀበሉሽ በምጽዋት አውጪው። የሠራሻቸውን ፋይሎች ከኮምፒውተርሽም፣ ከለጠፍሽበትም ቦታ አጥፊ።

ስለ ቅዱስ ቁርባን አልጠየቅሽኝም፤ ግን ልታስቢው ስለሚገባ ልጨምር። ይህን ለንስሐ አባትሽ ሳትነግሪ እንዳትቀርቢ። ቀኖናውን የሚሰጡሽ እሳቸው ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ያንቺን ኑሮና ልብ በቅርብ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ራቅ ያለ ስቴት ካሉም ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ፤ ይህን ጽሑፍ አስቀድመሽ ብትልኪላቸውም አይከፋም።