ቶነር ፊትና እጅ ላይ ሲፈስ ምን ይደረጋል?

ጠያቂያችን፣ በቢሮዎ የፕሪንተሩን ካርትሬጅ ሲቀይሩ ቶነሩ ፊትዎ፣ እጅዎና ነጭ ሸሚዝዎ ላይ እንደ ፈሰሰ፣ በሙቅ ውኃ ቢታጠቡም አልለቅ እንዳለዎት፣ ንፍጥዎም ጥቁር ሆኖ እንደ ወጣና ባልደረባዎ «መርዝ ነው፣ ቶሎ ወተት ጠጪ» እንዳለችዎ ጽፈዋል። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ስድስት ኪሎ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቼ አሥራ አራት ዓመት ስሠራ በዚሁ ዱቄት ደጋግሜ ስለተለወስኩ የማውቀውን ላካፍልዎ።

ቶነር በልማድ ቀለም ይባል እንጂ ፈሳሽ ቀለም ሳይሆን እጅግ የደቀቀ የፕላስቲክ ዱቄት ነው፤ ጥቁሩ ቶነር መልኩን የሚያገኘው በአብዛኛው ካርቦን ብላክ ከሚባለው ከጥላሸት ዘመድ ነው። የአንዷ ቅንጣት ስፋት ከ5 እስከ 10 ማይክሮን ገደማ በመሆኑ ትንሽ ነፋስ ያነሣዋል፣ ቶሎም አያርፍም። ፕሪንተሩ ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት አቅልጦ ነው፤ ከዚያ ብዙ ባነሰ ሙቀትም መለስለስና መጣበቅ ይጀምራል። ሙቅ ውኃው ያልረዳዎት፣ እንዲያውም ያባሰብዎት ለዚህ ነው። ከቆዳ ላይ አስቀድሞ በደረቅ ሶፍት ሳያሹ ቀስ አድርጎ ማንሣት፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና መታጠብ ይበቃል፤ በረኪናም ሆነ ቤንዚን ቆዳዎን ከመጉዳት በቀር አይጠቅሙዎትም።

የንፍጥዎ መጥቆር ብዙ አያስደንግጥዎ፤ አፍንጫ አቧራውን ይዞ ሲያስወጣ የሚታይ ነው። ወዲያው ዱቄቱ ካለበት ክፍል ወጥቶ ንጹሕ አየር መሳብ፣ አፍንጫን ማጽዳትና አፍን በውኃ መጉመጥመጥ ተገቢ ነው። ወተቱን በተመለከተ፣ በየጋራዡና በየማተሚያ ቤቱ እንደ መድኃኒት ሲቆጠር አይቻለሁ፤ ይሁን እንጂ ወተት የሚወርደው ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይደለም። ዱቄቱን የዋጠ ሰው ቢኖር እንኳን አፉን ተጉመጥምጦ ውኃ ይጠጣ፣ ለማስመለስም አይሞክር። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳያሹ፣ የዓይን ሌንስ ካለም አውጥቶ፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ ዓይኑ መቅላቱና መቆርቆሩ ካልተወ፣ ወይም ሳሉ ካልቆመ፣ ደረት ካፈነና ትንፋሽ ሲር ሲር ካለ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል፤ አስም ያለበት ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ምልክት መጠበቅ የለበትም።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የተሞላ ጠርሙስ ወለል ላይ ተደፍቶብኝ፣ ማሽን የምናጸዳበትን ብሎወር አንሥቼ ወደ በር ልገፋው ሞከርኩ። ዱቄቱ ግን ወደ በሩ በመሄድ ፈንታ ቤቱን ሁሉ ሞላው፤ አስም ያለበት ረዳቴ በዚያው ቀን ክሊኒክ ገባ፣ እኔም የደንበኞችን ወረቀት ሳጸዳ ሰነበትኩ። ትክክለኛው መንገድ ማራገቢያውን አጥፍቶ ዱቄቱ እስኪያርፍ ከክፍሉ ወጥቶ መቆየት፣ ከዚያም ማስክና ጓንት አድርጎ፣ በቀዝቃዛ ውኃ በረጠበ ጨርቅ ከዳር ወደ መሐል እየሰበሰቡ ማንሣት፣ በመጨረሻም ጨርቁን ጭምር ፌስታል ውስጥ ከትቶ ማሰር ነው። ደረቅ መጥረጊያ አይንካው። የቤት ውስጥ ቫኪዩምም የደቀቀውን ዱቄት በማጣሪያው አሳልፎ መልሶ ይረጨዋል፤ ከዚህም በላይ አየር ላይ የተበተነ ቶነር በሞተሩ ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል።

በዚሁ ምክንያት ካርትሬጅ ከቆሻሻ ጋር አይቃጠል፣ ቡና በሚፈላበት ከሰል አጠገብም አይሞላ። (አንዳንድ ሱቆች ውስጥ ሁለቱም ሲደረጉ አይቻለሁ፤ እስካሁን የከፋ አደጋ አለመድረሱ ይገርመኛል።)

«ካንሰር ያመጣል ወይ» ብለው ለጠየቁት፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካርቦን ብላክን «በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ አስቀምጦታል። ቶነር ውስጥ ግን ካርቦኑ በፕላስቲክ ተይዞ ስለሚገኝ፣ አንድ ቀን ፊት ላይ መፍሰሱና ዓመታት ሙሉ በጠባብ ክፍል ያለ ማስክ ካርትሬጅ መሙላቱ እኩል የሚታዩ አይደሉም። ስለዚህ የእኔ ስጋት ከእርስዎ ይልቅ በየቀኑ ለሚሞሉት ልጆች ነው፤ በተለይ ምን እንደያዘ ያልተጻፈበትን ጠርሙስ በርካሽ ገዝተው ለሚጠቀሙት።

ሸሚዝዎን ከደጅ አውጥተው፣ ፊትዎን ከነፋሱ መልሰው በደንብ ያራግፉት፤ ከዚያ ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃ ይጠቡት። ጥቁሩ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ካውያ ካረፈበት ግን ወረቀት ላይ እንደ ታተመ ጽሑፍ ይቆጠራል፣ አይለቅም።