ሊወልዱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው የሚያስወርዱ በጎች

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «ስልሳ ሴት በጎች አሉኝ። ባለፉት አሥር ቀናት ስምንቱ ሊወልዱ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀራቸው አስወረዱ። እስከዚያች ቀን ደህና ይበሉና ይጠጡ ነበር። አምና ስድስት በጎች ገዝቼ ቀላቅያለሁ። ጥፋተኛው አውራው በግ ይሆን? ያስወረዱትንስ ልሽጣቸው? በጎቹን የምታዋልደው ባለቤቴ ናት፤ እርሷም ስድስተኛ ወሯን ይዛለች።»

ከመጨረሻው ልጀምር። ባለቤትዎ ከዛሬ ጀምሮ ጉረኖው አጠገብ አይድረሱ። እኔ የምጠረጥረው በሽታ ነፍሰ ጡር ሴትን ለከባድ ሕመምና ጽንስ ለማጣት ይዳርጋል። እርስዎም በጉረኖ የዋሉበትን ልብስና ጫማ ወደ ቤት አያስገቡ፤ ልብሱንም እርሳቸው አይጠቡት። ትኩሳት ከተሰማቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ በጎቹ እያስወረዱ መሆኑንም ይንገሩት። ካልተነገረው አይጠረጥርም።

የምጠረጥረው ክላሚዲያ አቦርተስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣውን ውርጃ ነው። አውራውን በግ ይተዉት፤ በሽታው በዋናነት የሚተላለፈው በስሪያ ሳይሆን በአፍና በአፍንጫ ነው። ያስወረደች በግ የጣለችው ሽል፣ እንግዴ ልጁና ፈሳሹ በተሕዋስያን የተሞሉ ናቸው። ሌሎቹ መጥተው ያሸቱታል፣ ይልሱታል፣ የረጠበውን ጉዝጓዝ ይበላሉ።

ብዙ አርቢዎችን የሚያሳስተው የጊዜው ነገር ነው። ሳታረግዝ ወይም መውለጃዋ ተቃርቦ ሳለ የተያዘች በግ በአብዛኛው ምንም ምልክት አታሳይም። ባክቴሪያው በሰውነቷ ተደብቆ ይከርምና በሚቀጥለው እርግዝና ሦስት ወር ካለፈ በኋላ እንግዴ ልጁን ያጠቃል። ስለዚህ ዘንድሮ ያዩት ውርጃ ምናልባት አምና የገባ ነው። ከተገዙት ስድስቱ አንዷ አምና አስወርዳ ወይም አቅመ ቢስ ግልገል ወልዳ እንደሆነ ያስታውሱ። ዛሬ ጉረኖው ውስጥ የሚያደርጉት ደግሞ የሚታየው በመጪው ዓመት ነው።

አሁን ጓንት ያጥልቁና እንግዴ ልጁን ዘርግተው ይመልከቱ። ጤናማው ስስ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። የታመመው እንደ ርጥብ ቆዳ ይወፍራል፤ እንደ አዝራር የተደረደሩት ክብ ሥጋዎች ጠቆር ያለ ቀይ ይሆናሉ፤ በመካከላቸውም መግል የመሰለ ነገር ይለጠፋል። ሽሉ ግን ብዙውን ጊዜ ያልበሰበሰ፣ የተኛ የሚመስል ነው። እንዲያም ሆኖ በዓይን ብቻ አልፈርድም፤ ቶክሶፕላዝማ፣ ካምፒሎባክተርና ብሩሴላ የተባሉ ሌሎች ተሕዋስያንም ያስወርዳሉ። ሽሉን ከእንግዴ ልጁ ጋር በድርብ ፌስታል አስረው፣ አቀዝቅዘው እንጂ በረዶ ሳያደርጉት፣ በእንስሳት ሐኪም በኩል ወደ ላቦራቶሪ ይላኩ። ወደ እኔ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሽሉ ብቻ ነው፤ እንግዴ ልጁን ውሻ በልቶታል። ዋናው መልስ ያለው ግን እርሱ ላይ ነው።

ያስወረዱትን ወዲያውኑ ይለዩ። ፈሳሻቸው እስኪደርቅ፣ ቢያንስ ለአራት ሳምንታት፣ ከሌሎቹ ጋር አይገናኙ። ጉዝጓዙን ያቃጥሉ፤ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበሩ። አንድ ስሕተት ደጋግሜ አይቻለሁ፦ ጡቷ እንዳይባክን ተብሎ እናቷ የሞተችባት ሴት ግልገል ላስወረደች በግ ትሰጣለች። ያቺ ግልገል በሽታውን ወስዳ በመጀመሪያ እርግዝናዋ ልታስወርድ ትችላለች። የግድ ከሆነ ለሥጋ የሚያድግ ወንድ ግልገል ይስጧት።

ገና ላልወለዱት ሐኪምዎ ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ (ከቴትራሳይክሊን ወገን ነው)፣ በአንድ ኪሎ ክብደት 20 ሚሊ ግራም፣ ሊወጋቸው ይችላል። ጉዳቱን ይቀንሳል፤ የተጎዳን እንግዴ ልጅ አያድንም፣ በሽታውንም ከመንጋው አያጠፋም። በየዓመቱ የሚደገም ልማድ እንዳያደርጉት አደራ።

ዘላቂው መከላከያ ክትባት ነው። ሕያው ክትባቱ፣ ማለትም በተዳከመ ሕያው ባክቴሪያ የተሠራው፣ የሚሰጠው አውራው ከመለቀቁ ቢያንስ 4 ሳምንታት አስቀድሞ ነው፤ ላረገዘች በግና በቴትራሳይክሊን ሕክምና ላይ ላለች አይሰጥም። ነፍሰ ጡር ሴትም ብልቃጡን አትንካው። አስቀድመው የተያዙትን ስለማያድን ከክትባት በኋላም ጥቂቶች ቢያስወርዱ ክትባቱ ከንቱ ሆነ ብለው አይተዉት።

ያስወረዱትን አይሽጡ። በሽታውን ተቋቁመዋልና በዚሁ ምክንያት ዳግም የሚያስወርዱት ከስንት አንዴ ነው። ቢሸጧቸው ግን እርስዎ ላይ የደረሰው በሌላ ሰው ጉረኖ ይደርሳል። በምትካቸው የሚገዙትም የባሰ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስምንቱንም ዛሬውኑ ጆሯቸው ላይ ምልክት ያድርጉባቸው፤ ከወር በኋላ ከመንጋው ሲቀላቀሉ የትኛዋ እንደነበረች በቃል አይያዝም።