ጥያቄ አለኝ፦ የማይነበብ የዕድር መዝገብ፣ ያረጀ ላፕቶፕ እና ሁለት ቴራባይት የተባለ ፍላሽ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ሐረር ውስጥ የአንድ ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ከ1993 እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ የተመዘገቡት የአባላት ስሞች፣ የመዋጮ ሒሳቦችና ቃለ ጉባኤዎች በኮምፒዩተር ተጽፈው በሲዲ ተቀምጠዋል። ባለፈው ሳምንት በአዲስ ላፕቶፕ ስከፍታቸው አማርኛው ጠፍቶ፣ የላቲን ፊደላትና ልዩ ልዩ ምልክቶች የተደበላለቁበት ገጽ አገኘሁ። አንድ የጥገና ሠራተኛ ባማክር «ፋይሉን ቫይረስ በልቶታል፤ ላፕቶፑም ፎርማት መደረግ አለበት» አለኝ። እውነት ነውን?

መልስ፦ ደስ ይበልዎ፤ ከገለጹልኝ ምልክት እንደምረዳው መዝገብዎ አልጠፋም። ሲዲውን ማንም እንዳይጥለው፣ ላፕቶፑንም ማንም ፎርማት እንዳያደርገው አደራ እላለሁ።

ኮምፒዩተር አንድን ፊደል የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩን አይቶ ቅርጹን የሚሥልልን ደግሞ ፎንቱ ነው። መዝገብዎ መጻፍ በጀመረበት ዘመን ይሠራባቸው የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች በአብዛኛው ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ብቻ የሚጠቀሙ በመሆናቸው፣ አንዱ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው፤ ያም ቦታ ለላቲን ፊደላት ታስቦ የተደለደለ ነበር። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ይሆናል፤ እንደ ሏ፣ ኳና ጓ ያሉት ዲቃላዎች፣ 20ዎቹ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩበት ከ256 ያልፋል። ስለዚህ ፎንት ሠሪዎቹ የላቲኑን መቀመጫ ለፊደላችን ሰጡ፤ አንዳንዶቹም ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፈሉት። እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ድልድል ስለተከተለ፣ በአንዱ ዘንድ የ«መ» የነበረው ቁጥር በሌላው ዘንድ የ«ተ» ሊሆን ይችላል። ፋይሉ ያ ፎንት በሌለበት ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት፣ ኮምፒዩተሩ በዚያ ቁጥር የሚያውቀውን የላቲን ፊደል ያሳያል፤ እርስዎም ያዩት ይህንኑ ነው።

እነዚያን ፎንቶች የሠሩትን ባለሙያዎች ማንም እንዳይወቅስብኝ እፈልጋለሁ። እነርሱ ባይደክሙ ኖሮ የእርስዎ ዕድር መዝገብ ጨርሶ በኮምፒዩተር ባልተጻፈ ነበር። ለዓለም ቋንቋዎች ሁሉ አንድ የጋራ ድልድል የሚሰጠው ዩኒኮድ ፊደላችንን የተቀበለው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 በተባለው እትሙ ነው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም ስልክና ኮምፒዩተር ላይ 4608 ቁጥር ናት፤ «ሁ» 4609፣ «ለ» ደግሞ 4616 ናት፤ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስምንት መቀመጫ ተሰጥቷልና። ሆኖም በየመሥሪያ ቤቱ የድሮው ፎንት ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት በመቆየቱ፣ እንደ እርስዎ መዝገብ ያለ ብዙ ጽሑፍ ዛሬም ተዘግቶ ተቀምጧል፤ ይህ በእውነት ያሳስበኛል።

አሁን የሚያደርጉትን ልንገርዎ። አስቀድመው ከሲዲው ላይ ሙሉ ቅጂ ወደ ላፕቶፑ ያውጡ፤ የሚሠሩት በቅጂው ላይ ብቻ ይሁን። ቀጥለው ፋይሉን በማይክሮሶፍት ወርድ ከፍተው ከተደበላለቀው ጽሑፍ ላይ ጠቅ ቢያደርጉ፣ ከላይ የፎንቱ ስም በሚታይበት ሳጥን ውስጥ ጽሑፉ የተጻፈበት ፎንት ስም ተጽፎ ያገኙታል። ያንን ፎንት መዝገቡ ከተጻፈበት አሮጌ ኮምፒዩተር፣ ወይም ያው ፎንት ካለው ሌላ መሥሪያ ቤት ወስደው ቢጭኑት አማርኛው ወዲያው ይመለሳል። በዚያው ቀን ፋይሉን በፒዲኤፍ ያስቀምጡት፤ ቢያንስ የሚነበብና የሚታተም ቅጂ ይኖርዎታል። ዋናው ሥራ ግን ጽሑፉን ያንን ፎንት በሚያውቅ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ነው። መቀየሪያዎቹ በዲቃላ ፊደላት፣ በቁጥሮችና በሥርዓተ ነጥብ ላይ ይሳሳታሉ፤ በመካከል የገባ የእንግሊዝኛ ቃል ካለም እርሱንም አማርኛ አድርገው ሊያበላሹት ይችላሉ። ስለዚህ ከዕድሩ አባላት ሁለት ሰዎች ተቀምጠው፣ አንዱ ከወረቀቱ እያነበበ ሌላው ከኮምፒዩተሩ እየተከታተለ ያመሳክሩት። የመዋጮ ገንዘብ ያለበት መዝገብ ስለሆነ ለአንዲት ቁጥርም ቢሆን መታከት አይገባም።

ከዚህ በኋላ የሚገጥምዎት ሌላ ችግር አለ። መዝገቡ ወደ ዩኒኮድ ሲዛወር ስም መፈለግ ይቻላል፤ ነገር ግን በኮምፒዩተር ዘንድ «ሐረር» እና «ሀረር» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ኃይሌ»ን የሚፈልግ ሰው «ሀይሌ» ተብለው የተመዘገቡትን አያገኝም። የሞተ ሰው ስም በአንድ ፊደል ምክንያት ከመዝገብ ሳይገኝ ቀርቶ ቤተሰቡ ሲጉላላ በዓይኔ አይቻለሁ። ዕድራችሁ አንድ ዓይነት አጻጻፍ መርጦ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስፍር፤ ተተኪው ጸሐፊም እርሱን ይከተል። በእኔ እምነት ለአማርኛ ተጠቃሚ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ሁሉ ውበቱን ከማሳመሩ በፊት፣ ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ የሚፈልግ መፈለጊያ የመሥራት ግዴታ አለበት።

ጥያቄ፦ ሁለት ቴራባይት ይይዛል የተባለ ፍላሽ በርካሽ ገዝቼ የልጄን የሠርግ ቪዲዮ ገለበጥኩበት። የፋይሎቹ ስም ሁሉ ይታያል፤ ሲከፈቱ ግን ከጥቂቶቹ በቀር አይሠሩም። ምን ላድርግ? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ፍላሹን ዛሬውኑ አስቀምጠው ሠርጉን ወደ ቀረጸው ባለሙያ ይሂዱ፤ ዋናውን ቅጂ ገና አላጠፋው ይሆናል። ከፍላሹ ግን የጠፋው እንዲመለስ ተስፋ ልሰጥዎ አልችልም። በእንዲህ ዓይነቱ ፍላሽ ውስጥ ያለው ማከማቻ ምናልባት 32 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ተቆጣጣሪው ቺፕ ግን ለኮምፒዩተሩ «ሁለት ቴራባይት ነኝ» ብሎ እንዲናገር ተደርጎ ተሞልቷል። ቦታው ሲያልቅ አዲሱ ፋይል በቀድሞው ላይ ይጻፋል ወይም ከነጭራሹ የትም አይጻፍም፤ ስሙ ብቻ በዝርዝሩ ላይ ይቀራል። እኔም ከዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ በገዛሁት ፍላሽ የእናቴን ድምፅ የቀዳሁበትን ፋይል በዚሁ መንገድ አጥቻለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ከእንግዲህ አዲስ ፍላሽ ሲገዙ ኤፍ3 በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይፈትኑት፤ ፍላሹን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛውን መጠን ይነግርዎታል። አንድ ቴራባይት የተባለ ዕቃ በዊንዶውስ 931 ጊጋባይት ሆኖ ቢታይ ግን ማጭበርበር አይደለም፤ አምራቹ በ1000፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 እያካፈለ ስለሚቆጥር ነው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ አነስተኛ የሒሳብ ሥራ ቢሮ አለኝ። ላፕቶፔ አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 500 ጊጋባይት ሀርድ ዲስክ ያለው ሲሆን በዊንዶውስ 10 ይሠራል። በጣም ስለዘገየ አዲስ እንድገዛ ተመክሬያለሁ፤ ዊንዶውስ 10ም አበቃለት ይባላል።

መልስ፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ጥገና እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ለሚመዘገቡ ግለሰቦች ግን እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚቆይ ማራዘሚያ ሰጥቷል። የእርስዎ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም፤ ከኢንቴል በኩል የሚጠየቀው ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነውና። ከለላውን ዘለው ዊንዶውስ 11 እንጫንልዎ የሚሉ ሰዎች ቢኖሩም የደንበኞች ሒሳብ በያዘ ማሽን ላይ አልመክረውም።

የመዘግየቱ ምክንያት ግን ዊንዶውሱ ሳይሆን ሀርድ ዲስኩ ይመስለኛል። የላፕቶፕ ሀርድ ዲስክ በአብዛኛው በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳ ሲሆን፣ አንዲት ፋይል ለማግኘት አንባቢው ክንድ ወዲያና ወዲህ መንቀሳቀስ አለበት። በሀርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባው ኤስኤስዲ የተባለው ማከማቻ ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይህ ጥበቃ የለበትም። ሀርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ይቀይሩ፣ ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት ያሳድጉ፣ የድሬዳዋ አቧራ የሞላውንም ፋን አስከፍተው ያስጠርጉ፤ ቴርማል ፔስት የተባለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባትም ይታደስ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ እጅግ ያንሳል፤ ለውጡንም በመጀመሪያው ቀን ያዩታል።

ሒሳብ የሚሠሩት በፒችትሪ ከሆነ ከዊንዶውስ አይውጡ፤ ፕሮግራሙ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ደብዳቤና ሠንጠረዥ ብቻ ከሆነ ግን በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራውን ነፃውን ሊኑክስ ሚንት በፍላሽ ጭነው፣ ዲስክዎን ሳይነኩ ለአንድ ሳምንት ይሞክሩት። ሊብሬኦፊስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የወርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል፤ የአማርኛ መጻፊያም ይገኝለታል። ክራክ የተደረገ ፕሮግራም በቢሮዎ ካለ ያስወግዱት። ቁልፉን የሰበረው ሰው ከፕሮግራሙ ጋር ምን እንደጨመረበት ማየት አይችሉም፤ በኮምፒዩተርዎ ያለው ደግሞ የሌሎች ሰዎች ምስጢር ነው።

ጥያቄ፦ የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ስልኬን ፊት ለፊት አስቀምጬ ቀኑን ሙሉ ቻርጅ አደርገዋለሁ። አሁን የስልኩ ጀርባ ተነሥቷል። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ባትሪው አብጧል፤ ከዚህች ሰዓት ጀምሮ ቻርጅ አያድርጉት፣ አይጫኑት፣ አይውጉትም፤ በባለሙያ ያስቀይሩት። የሊቲየም ባትሪ ሙቀት ያስረጀዋል፤ ለምሳሌ አፕል ስልኮቹን ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ አየር ውስጥ እንዳንጠቀም ያስጠነቅቃል፤ ከመስታወት ጀርባ በፀሐይ የሚውል ስልክ ደግሞ ከዚያም በላይ ይግላል። አዲሱን ባትሪ በጥላ ያስቀምጡት፤ ወደ 80 በመቶ ሲደርስም ከቻርጀሩ ይንቀሉት።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ «ሊኑክስ የማይጠቀም፣ በጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ የማይጽፍ ሰው የኮምፒዩተር ሰው አይባልም» ይሉኛል። እኔ በዊንዶውስ ነው የምማረው። ወደኋላ ቀርቻለሁ?

መልስ፦ አልቀረህም፣ ወንድሜ። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የሊኑክስን ሥራ ለሌሎች ሲያስታውቅ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ያደረገውም የጀመረውን ነገር አሳይቶ የሰዎችን አስተያየት መጠየቅ ነው። የኮምፒዩተር ወዳጆች ባህል ሥሩ ይህ ነው፤ የሠራኸውን ታሳያለህ፣ ሌላው ያርምሃል፣ አንተም ሌላውን ታስተምራለህ። እዚህ ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ወዲህ በምድር ባቡር የጥገና ክፍል ሙያው የተላለፈው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ታላቁ ይፈታል፣ ታናሹ ያያል፣ ከዚያም መፍቻው ለታናሹ ይሰጠዋል። ባልንጀራውን በሚጠቀምበት ማሽን የሚያሳፍር ሰው ከዚህ ባህል ውጭ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሊኑክስን ተማር፤ ይጠቅምሃል፤ ነገር ግን በያዝከው ዊንዶውስ ላይ ዛሬ የሚጀመር ሥራ ልስጥህ። ከላይ የሐረሩ ዕድር ጸሐፊ የሚቸገሩበትን የሞክሼ ፊደላት ነገር አንብበሃል። በፓይተን ቋንቋ ስም ተቀብሎ ሞክሼዎቹን አንድ የሚያደርግ ፕሮግራም ጻፍ። በዩኒኮድ «ሐ» 4624 ስለሆነች 16 ብትቀንስላት «ሀ» ትሆናለች፤ ሰባቱም የ«ሐ» ፊደላት በዚሁ ስሌት ይመለሳሉ። «ኀ» 4736 ናት፤ 128 ቀንስላት። «ሠ» 4640 ስትሆን «ሰ» 4656፣ «ፀ» 4928 ስትሆን «ጸ» 4920፣ «ዐ» 4816 ስትሆን «አ» 4768 ናት። «ሀ» እና «ሃ»፣ «አ» እና «ኣ» በአማርኛ አንድ ድምፅ ስላላቸው እነርሱን ለብቻ ማየት ይኖርብሃል፤ ከባዱም ክፍል እርሱ ነው። ስትጨርስ ለዝግጅት ክፍሉ ላክልኝ፤ በዚህ ዓምድ ላይ አወጣዋለሁ፣ ለሐረሩ ጸሐፊም በመዝገባቸው ላይ እንዲሞክሩት አደርሳቸዋለሁ።