ቪዲዮውን አንድ ሌሊት አሳድሩት

ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት ገደማ ካሜራ ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ ኖሬያለሁ። ዜናም፣ ሰርግም፣ ስብሰባም፣ ቀብርም ቀርጫለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። እናንተ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ በስልካችሁ ቪዲዮ ስትሠሩ ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል። በኛ ጊዜ አንድ ደቂቃ አየር ላይ ለማዋል መኪና፣ ካሴት፣ የኤዲቲንግ ክፍል ወረፋና የአለቃ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። እናንተ ይሄን ሁሉ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ትዞራላችሁ።

"ስልኬ አሮጌ ነው" ብላችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ ተነሡ። ዩቲዩብ ላይ መጀመሪያ የተጫነው ቪዲዮ 19 ሰከንድ ነው። ሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ከመሥራቾቹ አንዱ ጃዌድ ካሪም የጫነው ነው። ሳን ዲዬጎ ባለው የእንስሳት ማቆያ ዝሆኖች ፊት ቆሞ ስለ ኩምቢያቸው ርዝመት ያወራል። አለቀ። ምስሉ ደብዛዛ ነው። የሚለው ግን ይሰማል።

ይሰማል ያልኩት በምክንያት ነው። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ እናቷ ሽሮ ስትሠራ ቀርጻ አመጣችልኝ። "ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያስጠላው?" አለችኝ። አየሁት። ስልኩን ቡፌው ላይ አስደግፋ፣ እናቷ ደግሞ ወዲያ ማዶ ምድጃው ጋ ናት። ከድምፅዋ ይልቅ የፍሪጁ እምምምታ ይሰማል። እህቴ መስኮቱን ጀርባዋ ስላደረገች ፊቷ ጠቁሯል። በዚያ ላይ የስልኩ ሌንስ የጣት ቅባት ይዟል፤ ሁሉም ነገር ጉም የለበሰ ይመስላል።

በማግስቱ አብረን ሠራነው። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጠረግን። ፍሪጁን ነቀልን። የቡታጋዝ ምድጃውን ወደ መስኮቱ አዙረን ብርሃኑ እህቴ ፊት ላይ እንዲያርፍ አደረግን። ፀሐዩ ሲበረታ መስኮቱ ላይ ነጠላ ሰቀልን። ስልኩን ከስኳር ቆርቆሮ ጋር አስደግፈን ክንድ በማይሞላ ርቀት አቆምነው። የገዛነው ነገር የለም። ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ ሲገባ ቸስ የሚለው ድምፅ ጥርት ብሎ ተቀረጸ። ተመልካች ደብዛዛ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገሥም። ይሄን ከሙያዬ ሁሉ እርግጠኛ ሆኜ እነግራችኋለሁ።

የቀረውን ቶሎ ልበላችሁ። ስትቀርጹ ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት፤ ጥሪ መጥቶ እንዳያቋርጣችሁ። ዙም አታድርጉ፣ በእግራችሁ ቅረቡ። ከመናገራችሁ በፊት ሦስት ሰከንድ፣ ከጨረሳችሁ በኋላም ሦስት ሰከንድ ዝም በሉ፤ ኤዲት ስታደርጉ ታመሰግኑኛላችሁ። ለቲክቶክ ከሆነ ስልኩን አቁሙት፣ በቴሌቪዥን ጭምር እንዲታይ ከፈለጋችሁ አጋድሙት። የሰው ዘፈን ሳታስፈቅዱ ከሥር አታስገቡ። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብትን ትጠብቃለች፤ ዩቲዩብም የራሱ የዘፈን መለያ ዘዴ ስላለው ዘፈኑን ለይቶ ያውቀዋል።

ይሄን ሁሉ ከሌላ ሰውም ትማሩታላችሁ። እኔ ደብዳቤውን የጻፍኩት ስለ ሌላ ነገር ነው።

ወጣት ካሜራማን ሳለሁ፣ በድርቅ ጊዜ፣ እርዳታ የሚታደልበት ቦታ ሄድን። አንዲት እናት ስንዴ ሲሰፈርላት ነጠላዋን ዘርግታ ቆማለች። ቀረብኩና ፊቷን ሞላሁት። አላስፈቀድኳትም። ቆንጆ ምስል ነበር፣ ማታውኑ ታየ፣ ባልደረቦቼም አደነቁኝ። ከወራት በኋላ ልጇ አፈላልጎ አገኘኝ። አልጮኸም። "እናቴ ለሰርግም ለለቅሶም መውጣት ትታለች፤ አገር ምድሩ ስንዴ ስትለምን አይቷታል" አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። አሁንም የለኝም። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ማንም አላዘዘኝም።

ያኔ ካሴት ውድ ስለነበር ብዙ ጊዜ ሌላ ዜና ይቀረጽበታል። የዚያች እናት ምስልም ምናልባት እንደዚያ ጠፍቷል። የናንተ ግን አይጠፋም። እናንተ ብታጠፉት እንኳ ሌላ ሰው አውርዶታል፣ ቆርጦ ሌላ ጽሑፍ ለጥፎበታል፣ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ልኮታል።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የቀረጻችሁትን በዚያው ቀን አትልቀቁት፤ አሳድሩት። የእንጀራ ሊጥ እንኳ ሳያድር አይጋገርም። በኛ ጊዜ ማሳደር ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ ነበር፤ ካሴቱ ከክፍለ ሀገር እስኪደርስ ያድራል። እናንተ ግዴታ የለባችሁም፣ ለራሳችሁ ሥሩት። ጠዋት ሞቅታው ሲበርድ ሌላ ዓይን ይኖራችኋል። ቪዲዮው ውስጥ ያለው ሰውም አይቶት "እሺ" ለማለት ጊዜ ያገኛል። "እንቀርጽህ?" ማለትና "ይሄን እንልቀቀው?" ማለት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሁለቱንም ጠይቁ።

በተለይ መንገድ ላይ ላገኛችሁት ችግረኛ ገንዘብ ስትሰጡ የምትቀርጹ ልጆች፣ እናንተን ልቆጣ ብዬ አይደለም። ብዙዎቻችሁ በጎ ልብ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በዚህ መንገድ ቤት የተሠራላቸው፣ የታከሙም አሉ። ግን የራበው ሰው ብር ዘርግታችሁለት ካሜራ ስታሳዩት እንቢ ማለት አይችልም። መጀመሪያ ስጡት። ብሩ እጁ ከገባ በኋላ ጠይቁት። እንቢ ካለ ከነክብሩ ይሂድ። የልጆችንማ ፊት ተዉት፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሃያ ሲሞላው ምን እንደሚሰማው ዛሬ ሊነግራችሁ አይችልም።

የእህቴ ልጅም የሽሮውን ቪዲዮ አሳደረችው። ጠዋት ቡና ሲፈላ ለእናቷ አሳየቻት። እህቴ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አየችው። መሃል ላይ ድስቱን እያማሰለች ባሏ ይሄን ሽሮ ይወድ እንደነበር ታወራለች፤ ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ "ሽንኩርቱ ነው" ትላለች። ልጅቷ ከሁሉ የወደደችው እሱን ነበር። እህቴ ግን ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ "እዚች ጋ ቁረጪልኝ" አለቻት።

ቆረጠችው። ቪዲዮው ከሰዓት በኋላ ተለቀቀ። የተቆረጠው ክፍል ስልኳ ውስጥ ለብቻው ተቀምጧል።