ኪራይ ቤት ላላችሁ፦ የሰሞኑ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከአከራዮች ናቸው። ተከራዮች አትቀየሙኝ፣ ተራችሁ ይደርሳል።

ጅዳ ነው የምሠራው። ደሴ ያለውን ቤቴን ታናሽ ወንድሜ ያከራይልኛል፤ በስንት እንደሆነ ግን በትክክል አላውቅም። ብጠይቀው ይቀየመኛል ብዬ ዝም አልኩ።

እህቴ፣ ቅያሜውን የሚያመጣው ዝምታሽ ነው። ዛሬ ትውጪዋለሽ፣ ለእረፍት ስትመጪ ሰው ሰርግ ላይ ይፈነዳል። ኪራዩ በቀጥታ በስምሽ ባለው የባንክ ሒሳብ ይግባ። ለወንድምሽም በየወሩ የልፋቱን ቁረጪለት። በነፃ የሚለፋ ሰው ሒሳብ ሲጠየቅ ደሙ ይፈላል፣ እውነትም አለው።

ውክልናው ላይ ግን ጠንቀቅ በይ። «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚል ያለበትን ዝግጁ ጽሑፍ ሳያነብ የሚፈርም ሞልቷል። ለማከራየት እሱ አያስፈልግም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ይሸፍናል፤ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየትም እዚያው ውስጥ ይገባል። ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። አትስጪው፣ በቃ።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ስድስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉኝ። ለአንዲት ልጅ ያከራየሁት ክፍል ውስጥ አሁን አራት ሆነው ይኖራሉ። ውሃ አልበቃ አለ። ላስወጣቸው?

ቆይ ጋሼ። የፋብሪካ ደመወዝ ለብቻ ክፍል አያስይዝም፣ ተዳብሎ መኖር የማይቀር ነው። ጥፋቱ በቃል መስማማትዎ ነው። አራቱንም ይጥሩና ውል ይጻፉ፦ የእያንዳንዳቸው ስም ከመታወቂያ ቅጂ ጋር፣ በአንድ ክፍል ቢበዛ ስንት ሰው፣ ውሃና መብራት በሰው ቁጥር። ከዚያ ሁለተኛ ሮቶ ይግዙ።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። ስድስቱንም ክፍል ለፓርክ ሠራተኛ ብቻ አይስጡ። በ2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻ ደረሰ፣ ወዲያው ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የፋብሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ አስወጣች። ፓርኩ ሲቀዘቅዝ ኪራዩም አብሮ ይቀዘቅዛል። ሁለቱን ክፍል ለመምህር ወይም ለነጋዴ ይያዙ።

ደሴ ነኝ። በየመስከረሙ ቀለም አስቀባለሁ፣ በየሐምሌው ግድግዳው ይላጣል። ተከራዩን ላስከፍለው?

ተከራዩን ተወው። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘህ ወደ ጓሮ ዙርና አሸንዳውን እይ። መገጣጠሚያው ዝጎ የሚያንጠባጥብ ከሆነ፣ ጠብታው መሠረቱ ሥር ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ ታገኘዋለህ። ከልስኑ በታች በኩል ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ደግሞ እርጥበት ከመሬት እየወጣ ነው፣ ዱቄቱም ጨው ነው። ደሴ ተዳፋት ናት፤ ከላይ ያለው ጎረቤትህ ውሃ የሚወርደው ወደ አንተ የጀርባ ግድግዳ ነው። አሸንዳውን ቀይር፣ ከግድግዳው ጀርባ ውሃውን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ አስቆፍር። ቀለሙን በመስከረም አትቸኩልበት፤ ግድግዳው በጋውን ይድረቅና ጥር የካቲት ላይ ይቀባ። እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ብርህን መጣል ነው። ተከራይ መስታወት ቢሰብር ይክፈል፣ የመሠረት ውሃ ግን የባለቤት ዕዳ ነው።

ደላላው የስድስት ወር ቅድሚያ ተቀበል ይለኛል።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መቀበልን ይከለክላል፤ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። ስድስት ወር ተቀብለህ ብትበላው፣ በአራተኛው ወር ጣሪያው ሲያፈስ ማስጠገኛውን ከየት ልታመጣ ነው? ደላላው ኮሚሽኑን በስድስት ወር ሊያሰላ ከሆነ ሌላ ፈልግ። ፒያሳ ሞልቷል።